በቀዩ አምፖል ስር

መጀመሪያ የጥፍር ድምፅ ነው። በእንጨት በር ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ዝም ይላል። ደግሞ ይጀምራል።

«ወረቀት ተከፍቷል?» ይላል የእናቴ ድምፅ ከበሩ ወዲያ።

«ተከፍቷል!» ትላለች አክስቴ ከራስጌዬ በላይ።

ጥፍሩ ይሄዳል። ዓይኔን እገልጣለሁ። ዓለም ሁሉ ቀይ ነው።

ቤታችን ፎቶ ቤት ነበር። ከመንገድ ሲገቡ እናቴ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ደንበኛ ትቀበላለች፣ የደረቁትን ፎቶዎች ጠርዝ በመቀስ ትከረክማለች። ከመጋረጃው በስተጀርባ አባቴ ሰው ያነሳል። «አገጭ ቀና። ዓይን ወደዚህ። መሳቅ ክልክል ነው፤ መታወቂያ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም» ሲል ውሎ ያመሻል። ከሁሉም ኋላ ያለው፣ መስኮቱ ጥቁር ቀለም የተቀባው ክፍል ደግሞ የአክስቴ ነው። አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከእኛው ጋር ነበር የምትኖረው። አባቴ ያነሳውን እሷ ታጥባለች። አጥባም አትተወውም፤ በቀጭን ብሩሽ ከሰው ፊት ላይ ብጉሩን፣ ማድያቱን፣ የዝንብ ኩስ የምታህለውን ነጥብ ሁሉ አንድ በአንድ ታነሳለች። ደንበኞቹ ስሟን ትተው «ለቃሚዋ» ይሏት ነበር።

«ለቃሚዋን ጥሩልኝማ፣ ይቺን ጠባሳ ካላነሳችልኝ ሚስት የማገኝ አይመስለኝም» ይላል ጎረቤታችን ጎማ ጠጋኙ፣ ፎቶ በተነሳ ቁጥር።

«ጠባሳውን እናነሳለን፤ ለአመልህ ግን ሌላ ቤት ሞክር» ትለዋለች እናቴ ከመቀሷ ቀና ሳትል።

«ወረቀት ተከፍቷል?» የቤታችን ሕግ ነበር። የፎቶ ወረቀት ከጥቁር ከረጢቱ ከወጣ በኋላ የክር ያህል ብርሃን ቢያገኘው ጠቁሮ ይቀራል። የማይጎዳው ቀዩ አምፖል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ በር ሳይጠየቅ አይከፈትም። ቤቱ የራሱ የሆነው አባቴ እንኳ ከበሩ ውጭ ቆሞ እንደ እንግዳ ይጠብቃል። እኔ ይሄንን ሕግ ከስሜ ቀጥሎ የተማርኩት ይመስለኛል።

ያን ሰሞን ሁለት ነገር ተገጣጠመ። አባቴ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ተፈታኞችን በሙሉ አንስቶ መጣ፤ ፎቶው ካልደረሰ ልጆቹ አይፈተኑም፣ ስለዚህ ቤቱ ሁሉ በጥድፊያ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን ባለሪዙ መጣ።

ባለሪዙ የሞተ ሰው ነው። ልጆቹ ከአሮጌ መታወቂያ ላይ የላጧትን ትንሽ ፎቶውን አምጥተው «ግድግዳ የምትሞላ አድርጉልን» አሉ። አክስቴ ስታወጣው በርጩማ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ትልቁን ወረቀት ፈሳሹ ውስጥ ነከረችው፤ ባዶ ነጭ ወረቀት። ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ሕፃን እንደምታስተኛ ታወዛውዘዋለች። ድንገት ከነጩ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ወጡ። ዓይን ናቸው። ከዚያ ሪዙ መጣ። ሰውየው ከሪዙ ኋላ ቀስ እያለ፣ ከጉም እንደሚወጣ ሰው መጥቶ ትክ ብሎ አየኝ።

«ከየት ነው የመጣው?» አልኳት።

«ድሮም እዚያው ወረቀቱ ላይ አለ። እርጥበቱ ሲያገኘው ብቅ ይላል።»

ወረቀቱን በመቆንጠጫ ወደ ሌላው ትሪ ልታሻግር ስትል ትሪው አዘነበለና ፈሳሹ ከሸሚዜ አልፎ ደረቴን አረሰረሰኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ አለው። በሽርጧ ጠረገችኝ። «አንተን ምንም አያደርግህም፤ የተጎዳው ሸሚዝህ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግን ባለሪዙ ከትሪው ውስጥ እያየኝ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሆዴን አሞኝ ነበር። አክስቴ ለራሷ ታዝዞላት ከተረፋት ትልልቅ ነጭ ኪኒን እየፈጨች በስኳር ሰጥታኝ ተሻለኝ። በኋላ ትኩሳቱ ሲመጣ፣ ጉሮሮዬ እንደ ቆሰለ ሲሆን፣ ዓይኔ ብርሃን ባየ ቁጥር አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲቆረቁረኝ፣ እናቴና አክስቴ ከራሴ በላይ ተማከሩ።

«አላለቀለትም ነበር። ኪኒኑን ቶሎ አቋረጥንበትና አገረሸ» አለች አክስቴ።

«እውነትሽን ነው። አሁን እስኪያልቅ ይውሰድ» አለች እናቴ።

«ሐኪም ቤት አንወስደውም?» አለች አክስቴ።

«ይቺ የተፈታኞቹ ሥራ ትውጣልን፣ እኔው ራሴ አዝዬው እሄዳለሁ» አለ አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ። «አገጭ ቀና!»

ብርሃን ስላስለቀሰኝ ብርሃን የሌለበት ቦታ ተፈለገልኝ። እንዲህ ያለ ቦታ በቤታችን አንድ ብቻ ነው። «ከኔ ጋ ይተኛ። እየሠራሁ አየዋለሁ» አለች አክስቴ። ፍራሼ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ትሪዎቹ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ስር ተዘረጋ።

ቀንና ሌሊቱ እዚያ ውስጥ አንድ ነው። ከበላዬ ውሃው ይንጠባጠባል። ገመድ ላይ የተፈታኞቹ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ረድፍ ረድፉን፣ መሳቅ የተከለከሉ ፊቶች፣ ሁሉም ቁልቁል እኔን ነው የሚያዩት። ደረቴን ያሳክከኛል። እሳት የነካው ያህል ደግሞ ያቃጥለኛል። ያኔ ገባኝ። ፈሳሹ ወረቀቱን እንደነካው እኔንም ነክቶኛል። ባለሪዙ እኔ ላይ ሊወጣ ነው።

ሸሚዜን ገለብኩ። በቀዩ ብርሃን ደረቴ ነጭና ለስላሳ ነበር፣ ልክ ፈሳሽ ውስጥ ገና እንደገባ ወረቀት። ምንም የለበትም። «ገና ነው» አልኩ በልቤ። እጄን ሳሳርፍበት ግን እጄ ሌላ ነገር ነገረኝ። አበጥ አበጥ ያለ ነገር አለ። እዚህ ጋ አንድ ክብ፣ እዚያ ጋ አንድ ክብ፤ ዓይኖቹ ናቸው። ከመሐላቸው ወረድ ስል አንድ ረዘም ያለ እብጠት፤ አፍንጫው። ከዚያ በታች ጣቴን መስደድ አልቻልኩም። ሪዙን መንካት ፈራሁ።

አክስቴ በሥራዋ መሐል እየጎነበሰች ታየኛለች። ይሄንን መመስከር እችላለሁ። አንዴም አልረሳችኝም። እጇን በሽርጧ አድርቃ ሸሚዜን ትገልባለች፣ ፊቷን አስጠግታ፣ ፎቶ ላይ ነጥብ ስትፈልግ እንደምታደርገው አንዱን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ትመረምረኛለች።

«ጥርት ያለ ገላ» ትለኛለች። «የኔ ጌታ፣ ላብ ብቻ ነው።»

ጥፍሩ ይመጣል። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«ወረቀት ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል! ግን ደህና ነው፤ ገላው ጥርት ብሏል። አልቦታል፤ ላብ ሲመጣ ትኩሳቱ ይለቃል!»

«ጉንጩን ሳሚልኝ።»

ከንፈሯ ጉንጬን ሲነካኝ አቃጠለኝ። ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜ በእናቴና በእኔ መሐል የነበረችው አንዲት ቀጭን በር ናት፤ ቁልፍ እንኳ የላትም።

አንድ ጊዜ ጨርቅ በውሃ ነክራ ልትጠራርገኝ መጣች። ጨርቁን ሳይ ጮህኩ።

«ውሃ አታስነኪኝ! ይወጣል!»

«ትኩሳቱ? ይውጣ እንጂ ማሙሽዬ፣ ይውጣና እንገላገል።»

«እሱ አይደለም!»

«ታዲያ ማነው?»

ማን እንደሆነ ብናገር የሚሰማኝ መሰለኝ። ጨርቁ ደረቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን ጨፍኜ ወረቀቱን አሰብኩ፤ ርሶ፣ ርሶ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብ ሲያበቅል። ኋላ፣ ስትመለስ፣ በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

«ባለሪዙስ?»

«የቱ ባለሪዝ? ሰውየው? ወስደውታል እኮ። ይሄኔ በመስታወት ውስጥ ገብቶ ሳሎን ላይ ተሰቅሏል።» ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠጋች። «በል ክፈት። ይቺን ብቻ።»

ስኳሩ ቀድሞ ይጣፍጣል፣ ምሬቱ ከኋላ ይመጣል። ከንፈሬ አብጦ የራሴ አልመስል ብሎኛል። ዋጥኩላት። እሷን ደስ እንዲላት ነው የዋጥኩት፤ እሷም እኔን ልታድነኝ ነው የሰጠችኝ። ሁለታችንም በጣም ታዛዦች ነበርን።

ከዚያ የማስታውሰው ትራሱን ነው። አንገቴን ላዞር ስል ትራሱ አብሮኝ መጣ። ጎተትኩ። የሆነ ነገር ለቀቀኝ፤ ከእርጥብ ፎቶ ላይ የተጣበቀ ወረቀት ሲላጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ፣ ከራሴ አንገት። እጄን ሰድጄ ስነካው እርጥብ ነው። ወጣ አልኩ። ከቆዳዬ ስር የነበረው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ወጣ! ወጣ! ወጣ!»

በዚያን ጊዜ ጥፍር አልተሰማም። ማንም ምንም አልጠየቀም። በሩ ተበርግዶ የቀን ብርሃን እንደ ጎርፍ ገባ። ዓይኔን ከመጨፈኔ በፊት ጥቂት ነገር አየሁ፦ ትሪው ውስጥ የነበሩት ተፈታኞች ሲጠቁሩ፤ እናቴን፣ መቀሷን እንደያዘች። አክስቴ ደግሞ ወረቀቶቹን አላየችም፣ በሩንም አላየችም። ደረቴን አየች። ቀና ብላ አምፖሉን አየች። እንደገና ደረቴን አየች።

ያኔ «ባለሪዙን አየችው» አልኩ።

ሐኪም ቤት ዓይኔ በእርጥብ ፋሻ ተሸፍኖ ስለነበር የማውቀው የሰማሁትን ብቻ ነው። የጎማ ጫማ ወለል ላይ ሲንጫጫ። የብረት ሳህን ሲቀመጥ። የእናቴ ትንፋሽ።

«ምን መድኃኒት ሲወስድ ነበር?» አለች ሐኪሟ፤ ድምፅዋ የደከመው ሰው ነው።

አክስቴ የኪኒኑን ስም ነገረቻት። ለራሷ የታዘዘ እንደነበር፣ መጀመሪያ ለሆዴ፣ ኋላ ለትኩሳቱ እንደሰጠችኝ፣ ምንም አልደበቀችም። ያን ጊዜ ስሙ ለጆሮዬ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ሰልፋ ከሚባለው የመድኃኒት ዘር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለምንም ዓይነት ሕመም ሐኪም ቤት ብሄድ አፌን ስከፍት መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው።

«መድኃኒቱ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሁለተኛው ትኩሳትም፣ ዓይኑም፣ ጉሮሮውም ከዚያው ነው። አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፤ ማንን እንደሚያደርግ ቀድሞ የሚያውቅ የለም። ግን ቆዳ ይናገራል። ሽፍታው መቼ ነው የጀመረው?»

«ሽፍታ አልነበረውም።»

«እህቴ...»

«አልነበረውም! ስንቴ ገልቤ አይቼዋለሁ። ጥርት ያለ ነበር ገላው።»

«ይሄ ዛሬ የወጣ አይደለም። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ ውሃ የሚቋጥረውና የሚላጠው ኋላ ነው። ቀዩን ስታዪ ብታቆሚለት ኖሮ እዚህ ባልደረሰ።»

«አላየሁም ትላለች» አለ አባቴ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀንም አልጮኸም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እሱ የባሰ ያስፈራል። «ጥፍር ከማታህል ፎቶ ላይ ብጉር የምትለቅም ሴት የልጄን ደረት አላየሁም ትላለች።»

«ይተርፍልኛል?» አለች እናቴ።

«ቆዳው ይመለሳል። ዓይኑን ቆይተን እናያለን። መጀመሪያ ግን እሱ ራሱ ይትረፍ።»

እኔ በፋሻው ስር ሆኜ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። አክስቴ አይታዋለች። ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ሪዙን፣ ሁሉንም አይታለች። እኔ እንዳልፈራ ብላ ነው አላየሁም የምትለው። ስለ ዋሸችልኝ ከሁሉም አስበልጬ ወደድኳት።

አልዋሸችም ነበር። ይሄንን ያወቅሁት ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ከትምህርት መልስ በዚያው ክፍል ፎቶ ማጠብ በጀመርኩበት ጊዜ ነው። ሰው መሐል መቀመጥ ስለማልወድ ጨለማው ይስማማኝ ነበር። አንድ ቀን ለፎቶ መጠቅለያ የሚሆን ተራ ወረቀት ስቆርጥ ምላጩ ጣቴን ሸረፈኝ። መቁረጡ ተሰማኝ፣ ደም ግን አላየሁም። ነጩ ወረቀት ላይ ውሃ የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ አለ፤ ከትሪው የተረጨ መሰለኝና በእጄ ጠረግሁት። ጣቴን ስልሰው የብረት ጣዕም አለው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ባንኮኒው ወጣሁ። በቀን ብርሃን ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር።

ተመልሼ ገባሁ፤ ጠፋ። ወጣሁ፤ ቀይ ነው። በቀዩ አምፖል ስር ቀይ ነገር አይታይም። ሽፍታው ነጭ ገላ ይሆናል፣ ውሃ የቋጠረው ደግሞ ላብ ይመስላል። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ጥቁርና ነጭ ስትለቅም የኖረች ሴት፣ ቀይ አይታ የማታውቀው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

አባቴን ጠርቼ አሳየሁት። ወረቀቱን አየ፣ ጣቴን አየ፣ አምፖሉን አየ። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። እሱ የሚያነሳው ሰው በበዛበት ሰዓት ሱቅ ሲዘጋ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም። አክስቴ ግን ከቤት ወጥታ ከቀረች፣ የምትገኝበትን የሚያውቅ ከጠፋም ቆይቶ ነበር።

ከሐኪም ቤት የተመለስኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጥቁር መነጽር አድርጌያለሁ፤ ዛሬም ፀሐይ ላይ አልለየውም፣ ሰው ኩራት ይመስለዋል። ቆዳዬ ተመልሷል፣ ግን ደረቴና አንገቴ በቀይ ነጥብ ቡራቡሬ ሆኗል። ሰውዬ የለበትም። መስታወት ፊት ቆሜ ብዙ ፈለግሁት፤ ዓይን የሚመስል አለ፣ አፍንጫ የሚመስል አለ፣ ፊት ግን ሆኖ አይገጥምም። አባቴ ለአክስቴ በቀጥታ አይናገርም። «ለእህቴ ንገሪያት፣ የጎማ ጠጋኙ ፎቶ ይድረስ» ይላታል እናቴን፣ አክስቴ እዚያው ቆማ እያለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ በጨለማ ክፍሉ በር ብቅ ብላ በጣቷ ጠራችኝ። ገባሁ። በሩን ዘጋችው። ትሪዎቹ ደርቀው ተደፍተዋል፤ ወረቀት አልተከፈተም።

ነጩን መብራት አበራች። እኔን ለማየት አብርታው አታውቅም ነበር። ቀስ ብላ ሸሚዜን ፈታች። ተንበረከከችና ደረቴን አየች፣ አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ። በሌባ ጣቷ ጫፍ አንዱን ነጥብ ነካች፣ ቀጥሎ ያለውን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ በብሩሽ እንደምታደርገው። ከዚያ ነጩን አጥፍታ ቀዩን አበራች።

ቁልቁል አየሁ። ደረቴ ለስላሳ ነው። ጥርት ያለ። አንድም ነጥብ የለበትም።

«ጠፋ!» አልኳት። እንዲህ ተደስቼ አላውቅም። «አክስቴ፣ ለቀምሽልኝ! ሁሉንም ለቀምሽልኝ!»

ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ መስሎኝ አብሬያት ሳቅሁ።

ነጩን አበራች፤ ነጥቦቹ ተመለሱ። ቀዩን አበራች፤ ጠፉ። ነጩን አበራች። እጇ ማብሪያው ላይ ቀረ። ቆይታ ሽርጧን ፈታች፤ በሽርጧ ጫፍ ይዛ ገና ትኩስ የሆነውን ቀይ አምፖል ከነበረበት ፈታ አወጣችው፤ ጠቀለለችውና በብብቷ ያዘችው። የሸሚዜን ቁልፎች ከታች ጀምራ እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። ግንባሬን ሳመችኝ።

በሩን ከፍታ ወጣች። ተከተልኳት። መጋረጃውን አለፈች፤ አባቴ ካሜራው ላይ ጎንበስ እንዳለ ነው። ባንኮኒውን አለፈች።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ፣ መቀሷ አየር ላይ ቆሞ።

በሩ ጋ ጎማ ጠጋኙ ፎቶውን ሊወስድ ቆሟል። ገለል ብሎ አሳለፋትና ከኋላዋ ሳቀ።

«ለቃሚዋ! የኔ ጠባሳስ?»

ጥቅልሉን በብብቷ እንደያዘች፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ሳታይ ተሻገረች።